ዓመቱ የየትኛው ብረት ነው? አሮጌ የጦር ጠመንጃን ስለ ማንበብ

ደኅና አመሻችሁ።

አሮጌ የጦር ጠመንጃ እጁ የገባ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው “የስንት ዓመት ነው?” ብሎ ነው። የምንመልስለትም በጥያቄ ነው፦ “የቱ ክፍሉ?” ነገር ለማጣመም ብለን አይደለም። ከጦር መጋዘን ተርፎ የወጣ ጠመንጃ በአገልግሎት ዘመኑ ደጋግሞ ተፈትቶ ተገጥሟል። አፈሙዙ ሲበላ ተለውጧል፣ መዝጊያው ከሌላ ጠመንጃ መጥቷል፣ እንጨቱ ሲሰነጠቅ ሌላ ለብሷል። ላዩ ላይ ጎልቶ የሚታየው ዓመት እንግዲህ የአንዱ ብረት የልደት ቀን ነው። የሌላው ብረት ቀን ሌላ ቦታ ተደብቋል፤ አንዳንዱም ተፍቋል። ዛሬ የምናየው ይህን ቅልቅል ክፍል በክፍል እንዴት እንደሚያነቡት ነው።

ዋና ምሳሌያችን የሩስያው ሞሲን-ናጋን ይሆናል። በ1891 ተቀባይነት አግኝቶ በሚሊዮኖች የተሠራ፣ በብዙ አገሮች እጅ ያለፈ፣ በዚያው ልክ በስሕተት የሚነበብ ጠመንጃ ነው። የጀርመኑን ማውዘርና የእንግሊዙን ሊ-ኤንፊልድ ለማነጻጸር ያህል እናነሣቸዋለን። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በቃላት እንግባባ። “አፈሙዝ” ስል ጥይቱ የሚያልፍበትን ረጅሙን ቱቦ በሙሉ ነው። “መዝጊያ” የምለው ስናቀባብል በእጅ ወደፊትና ወደኋላ የምናመላልሰውን ብረት ነው። መዝጊያው የሚመላለስበትን፣ አፈሙዙም ከፊቱ በጥርስ ተጠምዝዞ የሚገባበትን ወፍራም ብረት “ቤት” እለዋለሁ። እነዚህ ሦስቱ ከተለዩ ግማሹ ሥራ አለቀ ማለት ነው።

ከመንካት በፊት

ማንኛውም ምርመራ የሚጀመረው ጥይት እንደሌለው በማረጋገጥ ነው። “ሠላሳ ዓመት ግድግዳ ላይ የተሰቀለ ነው” የሚል ማረጋገጫ አይቆጠርም። አፈሙዙን ሰው ወደሌለበት አዙሩ፣ ጣታችሁን ከምላጩ አርቁ፣ መዝጊያውን ከፍታችሁ ወደኋላ ሳቡ፣ ካዝናውን እዩ፤ ከዚያ የጥይቱን ጎጆ በዓይን ብቻ ሳይሆን በትንሽ ጣት ዳስሱ። በአሮጌ ግሪስ የተሸፈነ ቀለህ በዓይን አይታይም። መዝጊያው የማይከፈት ከሆነ በመዶሻ አትምቱት፤ ውስጡ ጥይት እንዳለ ቆጥራችሁ ለጠመንጃ ጠጋኝ አስረክቡ።

በሞሲን መዝጊያውን ለማውጣት ከፍታችሁ እስከመጨረሻው ወደኋላ ከሳባችሁ በኋላ ምላጩን ጫን አድርጋችሁ መሳባችሁን መቀጠል ነው። ሌላ ቁልፍ የለውም።

ሁለተኛው ነገር ብርሃን ነው። ደብዛዛ ማኅተም ፊት ለፊት በተበራ መብራት አይነበብም። ክፍሉን አጨልሙ፣ የእጅ ባትሪውን ከብረቱ ጋር ሊነካካ እስኪል ዝቅ አድርጋችሁ ከጎን አብሩ፤ የተመታው ጉድጓድ ጥላ ይጥላል፣ ፊደሉም ብቅ ይላል። ባትሪውን በአራቱም አቅጣጫ አዙሩ፣ ምክንያቱም አግድም የተመታ መስመር ከአንድ ወገን ሲበራ ይጠፋል። ነጭ ጠመኔ በጣት አሽቶ ትርፉን በጨርቅ መጥረግም ይረዳል። የሽቦ ብሩሽ፣ ብርጭቆ ወረቀትና አሲድ ግን ከጠረጴዛው ይውረዱ። ማኅተም ጥልቀቱ ከፀጉር ብዙም አይበልጥም፤ አንድ ጊዜ በብርጭቆ ወረቀት ከተፈተገ መቶ ዓመት የቆየው ማስረጃ በአንድ ደቂቃ ይሄዳል። የደረቀ የመጋዘን ግሪስ በነጭ ጋዝና በጥጥ ጨርቅ ይለቃል፤ ትዕግሥት ብቻ ነው የሚጠይቀው።

መገጣጠሚያዋ መስመር

አሁን ሞሲኑን ከላይ እንየው። ከኋላ ማነጣጠሪያው ወደ ሰደፉ ስንሄድ አፈሙዙ እየወፈረ ይመጣል፤ እዚያ ወፍራም ቦታ ላይ የፋብሪካ ምልክት፣ ዓመትና መለያ ቁጥር ተመትቷል። አብዛኛው ሰው ይህን አንብቦ “1938 ነው” ብሎ ይዘጋል። ግን ጥፍራችሁን ከዚያ ጽሑፍ ወደኋላ ጎትቱት። አንዲት ቀጭን መስመር ትነካላችሁ። አፈሙዙ ቤቱ ውስጥ የገባበት መገጣጠሚያ ነው። ጽሑፉ ያለው ከመስመሯ በፊት፣ በአፈሙዙ በኩል ነው። በሞሲን ላይ በግልጽ የሚታየው ዓመት የአፈሙዙ ዓመት ነው።

የቤቱ ዓመት የት አለ? ከሥሩ። የቤቱ የኋላ ጅራት፣ ብሎን የሚገባበት ጠፍጣፋው ምላስ፣ ሆዱ ላይ እንጨቱ የሚሸፍነው ዓመት ተመትቶበታል። ብዙ ጊዜ በአጭር ይጻፋል፤ “916” ካለ 1916፣ “42” ካለ 1942 ማለት ነው። ይህን ለማየት ጠመንጃውን ከእንጨቱ ማውጣት ግድ ነው።

አወጣጡ ከባድ አይደለም፤ ቅደም ተከተሉ ግን ይከበር። መዝጊያው ይወጣል። ከአፈሙዙ ሥር ያለው መወልወያ ዘንግ በጥርስ የታሰረ ስለሆነ ወደ ግራ ተፈትቶ ይሳባል። እንጨቱን ከአፈሙዙ ጋር የሚያስሩት ሁለት ቀለበቶች ምላስ መሳይ ስፕሪንግ አላቸው፤ ስፕሪንጉን ወደ ውስጥ ጫን እያላችሁ ቀለበቱን ወደፊት ግፉ። የላይኛው የእጅ መከለያ እንጨት ይነሣል። ከዚያ ሁለት ትልልቅ ብሎኖች አሉ፤ አንዱ ከኋላ ጅራቱ ላይ ከላይ ወደታች የገባ፣ ሌላው ከካዝናው ፊት ከታች ወደላይ የገባ። ሁለቱ ብሎኖች አንድ ዓይነት ስላልሆኑ ለየብቻ አስቀምጧቸው። ሲፈቱ ካዝናው ከምላጭ ጠባቂው ጋር ወደታች ይወጣል፣ አፈሙዙና ቤቱም ወደላይ ይነሣሉ።

እዚህ ላይ የሚበላሸው ሁልጊዜ አንድ ነገር ነው፤ ካቻቢቴው። የቤት ውስጥ ካቻቢቴ ጫፉ ሾጣጣ ስለሆነ የብሎኑን ስንጥቅ አይሞላም። ሲያሾር ይንሸራተትና የብሎኑን አናት ይቀደዋል፤ ከዚያ በኋላ ጠመንጃው ላይ የሚታየው ይህ ጠባሳ ነው። ጫፉ ስንጥቁን በስፋትም በውፍረትም ሙሉ በሙሉ የሚሞላ ካቻቢቴ ከሌላችሁ በሞረድ አስተካክላችሁ አብጁ፤ ካልሆነ አትጀምሩ። ቤቱ ከእንጨቱ አልነሣ ካለ የያዘው የደረቀ ግሪስ ነው፤ በፀጉር ማድረቂያ አሙቁት እንጂ በብረት አትፈንቅሉት፤ እንጨቱ ይሰነጠቃል። ከቤቱ ሥር ትንሽ የብረት ወይም የካርቶን ቁራጭ ብታገኙ አትጣሉት። የጦር ግምጃ ቤት ሠራተኞች ቤቱ እንጨቱ ውስጥ ተደላድሎ እንዲቀመጥ ያደረጉት ልባስ ነው፤ በነበረበት ቦታና አቅጣጫ ይመለስ።

ቅርጹ ራሱ ይናገራል

ማኅተም ሳይነበብም ብዙ ነገር ይታወቃል። የቤቱን የፊት ክፍል ዳስሱ። ላዩ በጠፍጣፋ ገጾች የተከረከመ ከሆነ አሮጌው ዓይነት ነው፤ ክብ ከሆነ ከ1930ዎቹ አጋማሽ ወዲህ የተሠራ ነው። ሩስያውያኑ ከጠፍጣፋው ወደ ክቡ የተሻገሩት በ1936 አካባቢ ነው፤ ክቡ በማሽን ለመሥራት ይቀላል፣ ጊዜም ይቆጥባል። ክብ ቤት ያለው ጠመንጃ ላይ “1915” የሚል ማኅተም ብታዩ እንግዲህ አንድ ነገር አልተገጣጠመም።

ማነጣጠሪያው ደግሞ የመለኪያ ሥርዓቱን ይነግራል። የዛር ዘመን ሞሲን የሚለካው በአርሺን ነው፤ አንድ አርሺን 71.12 ሳንቲ ሜትር ነው። በደረጃዎቹ ላይ 4፣ 6፣ 8፣ 10፣ 12 የሚሉት ቁጥሮች በመቶ አርሺን የሚቆጠሩ ናቸው፤ 4 ማለት 400 አርሺን፣ ወደ 284 ሜትር ነው። በ91/30 ላይ፣ ማለትም የ1891ው ጠመንጃ በ1930 ተሻሽሎ በወጣው ሞዴል ላይ፣ ግን ማነጣጠሪያው በሜትር ሆኖ ከ1 እስከ 20 ተከፍሏል፤ 20 ማለት 2000 ሜትር ነው። በአጫጭሮቹ በ38 እና በ44 (የ1938ና የ1944) ሞዴሎች እስከ 10 ብቻ ይሄዳል። የፊት ማነጣጠሪያውም ይለያል፤ የጥንቱ የተራቆተ ስለት መሳይ ብረት ነው፣ የ91/30ው ክብ ቆብ ያጠለቀ ጣት መሳይ ዘንግ ነው።

ርዝመቱን በሜትር ለኩ። የ1891 እግረኛ ጠመንጃ 130 ሳንቲ ሜትር ገደማ ነው፣ አፈሙዙ ብቻ 80። የ91/30 ጠመንጃ 123 ገደማ ነው፣ አፈሙዙ 73። ይህ የ73 ሳንቲ ሜትር አፈሙዝ ድራጉን ከሚባለው የፈረሰኛ ሞዴል የተወረሰ ነው። ለዚህ ነው በዛር ዘመን ድራጉን የነበረ ጠመንጃ ማነጣጠሪያው ተለውጦ 91/30 ሆኖ የሚገኘው። የ38 እና የ44 ካራቢኖች (አጫጭር ጠመንጃዎች) አንድ ሜትር ከሁለት ሳንቲ ሜትር ገደማ ናቸው፤ የ44ቱን ከ38ቱ የሚለየው በቀኝ በኩል የሚታጠፈው ሳንጃ ነው። ርዝመቱ ከየትኛውም ሞዴል ጋር ካልገጠመ ለአደን ተብሎ በመጋዝ የተቆረጠ ሳይሆን አይቀርም፤ የአፈሙዙን ጫፍና የፊት ማነጣጠሪያውን አጣብቆ በማየት ይታወቃል።

ብረቱ የተሠራበትን ዘመን የሚያጋልጥ ሌላ ነገር አለ፤ አጨራረሱ። ከጦርነት በፊት የተሠራ ሞሲን ላዩ ለስላሳ ነው። ከ1941 እስከ 1943 የወጡት ላይ የማሽኑ ስለት የተወው ቦይ በዓይን ይቆጠራል። ይህ የጥራት ጉድለት መስሎ የሚቆጫቸው ሰዎች አሉ፤ ለእኛ ግን ከማኅተም የማይተናነስ ማስረጃ ነው። ማኅተም ሊፈበረክ ይችላል፣ ሦስት መቶ የማሽን ጭረት የሚፈበርክ የለም።

የፋብሪካው ምልክት

የሶቪየት ዘመን የቱላ ፋብሪካ ምልክት ባለ አምስት ጫፍ ኮከብ ሲሆን ውስጡ ቀስት አለበት። ኢዥቭስክ ሦስት ማዕዘን ነው፣ እሱም ውስጡ ቀስት አለው፤ አንዳንዴ ዙሪያውን የስንዴ ዛላ ይከብበዋል። ሁለቱ ምልክቶች የሚበዙት ከ1920ዎቹ መጨረሻ ወዲህ ነው። ከዚያ በፊት የፋብሪካው ስም በሩስያ ፊደል በሙሉ ይጻፍ ነበር። የዛሩን ባለ ሁለት ራስ ንስር ብታገኙ ዘመኑ ከ1917 በፊት ነው። ንስሩ የነበረበት ቦታ ተፍቆ ትንሽ ጎድጉዶ ብታገኙት አብዮቱ አልፎበታል ማለት ነው።

ከሩስያ ውጭ የተሠሩም አሉ። የመጀመሪያው ትልቅ ትእዛዝ ለፈረንሳይ ሻተልሮ ፋብሪካ ነው የተሰጠው፣ በ1890ዎቹ መጀመሪያ፤ ጽሑፉ ግን በሩስያ ፊደል ስለሆነ ብዙ ሰው ከሩስያ ፋብሪካ ይቆጥረዋል። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ደግሞ ሬሚንግተንና ኒው ኢንግላንድ ዌስቲንግሃውስ በአሜሪካ ሠርተውለታል።

የሩስያን ፊደል የማያውቅ ሰው የሚወድቅበት ጉድጓድ ከዓመቱ ኋላ ያለችው ፊደል ናት። “1937” ከሚለው ቀጥሎ በላቲን ትንሿን “አር” የምትመስል ነገር ከነነጥቧ ትመጣለች። ሰዎች የሞዴል ምልክት ወይም የመርማሪ ፊርማ አድርገው ያነቧታል። “ጌ” የምትባል የሩስያ ፊደል ናት፤ “ጎዳ” ለሚለው ቃል፣ ማለትም “ዓመት” ለሚለው ምሕጻር ናት። እንደዚሁ “ሲ” የሚመስለው “ኤስ” ነው፣ “ፒ” የሚመስለው “ኤር” ነው፣ “ኤች” የሚመስለውም “ኤን” ነው። መለያ ቁጥሩን ስትገለብጡ ፊደሉን ሥዕሉን እንደሆነ ሣሉት፤ ወደ ላቲን አትተርጉሙት።

መለያ ቁጥር ብቻውን ዓመት አይሰጥም። ከ1930ዎቹ መጨረሻ ወዲህ የሶቪየት ቁጥሮች ሁለት ፊደል ከፊታቸው ይዘዋል፤ ፊደል የሌለው ረጅም ቁጥር እንግዲህ ከዚያ በፊት ወደነበረው ዘመን ይመራል። ከዚህ አልፎ “ቁጥሩ ትንሽ ስለሆነ አሮጌ ነው” የሚለው አነጋገር ባዶ ነው።

የታደሰ ጠመንጃ

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ሶቪየት ኅብረት ያላትን ሞሲን በብዛት አድሳ ግሪስ ቀብታ አስቀመጠች። ዛሬ ገበያ ላይ የምታገኙት አብዛኛው ከዚያ የወጣ ነው። እድሳቱ ራሱን የቻለ ዘመን ስለሆነ ምልክቶቹን ማወቅ ይገባል።

መጀመሪያ እንጨቱ። ወፍራም፣ ቀላ ያለ፣ ሲነካ የሚሰነጣጠቅና የሚረግፍ ሼላክ የተባለ ቫርኒሽ ከተቀባ የእድሳት እጅ አለበት። ካዝናውና የሰደፉ ብረት በጥቁር ቀለም ከተቀቡ እንደዚያው። አፈሙዙ ወይም እንጨቱ ላይ ትንሽ አራት ማዕዘን ሰያፍ መስመር ያለፈባት ብታዩ የእድሳት ማኅተም ናት።

ከዚያ ቁጥሮቹ። በሞሲን አራት ቦታ ቁጥር ይፈለጋል፤ አፈሙዙ፣ የመዝጊያው እጀታ ሥር፣ የካዝናው ክዳንና የሰደፉ ብረት። ሻጭ “አራቱም አንድ ናቸው” ብሎ ዋጋ ይጨምራል። በአጉሊ መነጽር እዩዋቸው። ግምጃ ቤቱ ከሌላ ጠመንጃ የመጣ መዝጊያ ሲገጥም አሮጌውን ቁጥር በመስመር ሰርዞ ወይም ፍቆ አዲሱን ይመታል። ስለዚህ ቁጥሩ አንድ ቢሆንም የፊደሉ መጠን ይለያያል፣ የተሰረዘው ቁጥር ቅሪት አጠገቡ ይታያል፣ አንዳንዴም የተመታ ሳይሆን በኤሌክትሪክ ብዕር የተጫረ ነው። ይህ ማታለል አይደለም፤ የወታደር ቤት ሥራ ነው። ማታለል የሚሆነው ሻጩ “ከፋብሪካ እንደወጣ” ሲለው ነው።

አንድ ማኅተም አሮጌ መሆኑን ለማወቅ የጉድጓዱን ወለል ተመልከቱ። ብረቱ ከመጥቆሩ በፊት የተመታ ከሆነ ጥቁሩ ሽፋን እስከ ጉድጓዱ ሥር ይወርዳል። ከጠቆረ በኋላ የተመታ ከሆነ ወለሉ ነጣ ይላል፣ የፊደሉም ከንፈር ለጣት ጎርበጥ ይላል። የሚያስወድድ ምልክት ሁሉ በዚህ ይፈተን፤ በተለይ የተኳሽ ጠመንጃ ነው ሲባል። እውነተኛው ባለ መነጽር ሞሲን ወደታች የተቆለመመ የመዝጊያ እጀታና በቤቱ ግራ ጎን የመነጽር መያዣ ቀዳዳዎች አሉት። መነጽራቸው ተነቅሎ ለተራ ወታደር የተሰጡትም ነበሩ፤ እነዚያ ቀዳዳዎቹ ተደፍነው ይገኛሉ፤ ከተገላቢጦሹ ይልቅ እነሱን ማመን ይቀላል።

የአፈሙዙን ጫፍ በብርሃን ተመልከቱ። የውስጡ ጠመዝማዛ ቦይ ከጫፉ ካልጀመረና የመጀመሪያዎቹ ሳንቲ ሜትሮች ለስላሳና ሰፋ ያሉ ከሆኑ ጫፉ ተቦርቡሯል። በመወልወያ ዘንግ መፋተግና በዝገት የተበላውን ጫፍ ግምጃ ቤቱ አስፍቶ በመብሳት ነው የሚያድነው። ክብሪት እንጨት አስገብታችሁ ጥልቀቱን ለክታችሁ መዝግቡ።

ፊንላንድ፦ የሁለት ዘመን ብረት

ንግግሩን በአንድ ጠመንጃ ብቻ አሳዩ ብንባል የፊንላንዱን ኤም 39 ነበር የምንመርጠው። ፊንላንድ ቤቱን በራሷ ሠርታ አታውቅም፤ ከሩስያ የወረሰችውን፣ የማረከችውንና የገዛችውን ቤት ወስዳ አዲስ አፈሙዝና አዲስ እንጨት ነው ያለበሰችው። ስለዚህ ላዩ ላይ የሳኮ ፋብሪካ “ሳኮ 1942” ወይም የመንግሥቱ ጠመንጃ ፋብሪካ “ቪኬቲ” ተጽፎ ታያላችሁ፤ ጅራቱን ገልብጣችሁ ስታዩ 1896 ሊወጣ ይችላል። ሁለቱም እውነት ናቸው። ቲካኮስኪ የተባለው ፋብሪካ ደግሞ ምልክቱ በሦስት ማዕዘን ውስጥ ያለ “ቲ” ነው። በሳጥን ውስጥ “ኤስ ኤ” የሚሉ የላቲን ፊደላት የፊንላንድ ጦር ንብረት ምልክት ናቸው። እንጨቱ ከሁለት ቁራጭ በጣት ጥልፍልፍ ዓይነት መጋጠሚያ የተያያዘ ከሆነ አትደንግጡ፤ አልተሰበረም፣ አሠራሩ ነው።

የቤቱ ዓመት ለአንዳንዶች ከታሪክ በላይ ዋጋ አለው። በአሜሪካ ሕግ ጠመንጃው የሚባለው ቤቱ ነው፤ በ1898 ወይም ከዚያ በፊት የተሠራ ደግሞ እንደ ጥንታዊ ዕቃ ይታያል። አፈሙዙ 1942 የሆነ ኤም 39 በጅራቱ ምክንያት እዚያ ምድብ ውስጥ የሚገባው ለዚህ ነው።

ሌሎቹን ሞሲኖች በፍጥነት እንለፋቸው። ክብ ውስጥ 11 ቁጥር ያለበት 44 የፖላንድ ነው፤ 02 የሚል የሃንጋሪ ነው። በሦስት ማዕዘን ውስጥ 26 የተጻፈበት ካራቢን የቻይናው ዓይነት 53 ነው፤ 53 ያለው 1953ን ነው።

ማውዘርና ሊ-ኤንፊልድ

ከሞሲን ወደ ጀርመኑ ማውዘር 98ካ ስንሻገር ነገሩ ይገለበጣል። እዚህ ኮዱና ዓመቱ የተመቱት በቤቱ የፊት ቀለበት ላይ ነው፤ የሚታየው ዓመት የቤቱ ነው፣ የሚደበቀው የአፈሙዙ ነው። ፋብሪካው በስም አይጻፍም። በ1934 ዓመቱ ራሱ “ኬ”፣ በ1935 “ጂ” በሚል ፊደል ነበር የሚሸፈነው። ማውዘር ኦበርንዶርፍ በመጀመሪያ “ኤስ/42”፣ ኋላ “42”፣ ከዚያ “ቢ-ዋይ-ኤፍ”፣ በ1945 ደግሞ “ኤስ-ቪ-ደብልዩ” ሆኗል። “ሲ-ኢ” ዛወር ነው፣ “ኤ-አር” የበርሊኑ ማውዘር፣ “ቢ-ኤን-ዜድ” ሽታየር፣ “ዲ-ኦ-ቲ” የብርኖው ፋብሪካ። በጦርነቱ መጨረሻ የወጡት የሳንጃ መያዣም መወልወያ ዘንግም የላቸውም፤ ይህ የጎደለ ዕቃ ሳይሆን የ1944 እና የ1945 አሠራር ነው። ቤቱ ላይ “ኤክስ” ከተመታ፣ እንጨቱም ሼላክ ከተቀባ፣ ሶቪየቶች ማርከው ያደሱት ነው።

እንግሊዞቹ ከሁሉም የተሻለ ደብተር ያዥ ናቸው። በአሮጌው ሊ-ኤንፊልድ ከመዝጊያው ኋላ፣ ሰደፉ በሚገባበት ብረት በቀኝ በኩል፣ ዘውድ፣ ፋብሪካ፣ ዓመትና ሞዴል አለ፤ ይህ የቤቱ ነው። አፈሙዙ የራሱ ዓመት በሁለት አሃዝ አለው፤ “43” ካለ 1943። ሁለቱ ከተራራቁ አፈሙዙ ተለውጧል። “ኤፍ-ቲ-አር” ከወርና ዓመት ጋር ከተጻፈ ሙሉ እድሳት የተደረገበት ጊዜ ነው። ሰፊዋ ቀስት የመንግሥት ንብረት ምልክት ናት፤ ሁለት ቀስቶች ጫፍ ለጫፍ ሲገናኙ ከመንግሥት እጅ ወጥቶ ተሽጧል ማለት ነው።

ዓመቱ በማን አቆጣጠር?

ሁለት አቆጣጠር ጎን ለጎን ለሚጠቀም ሰው ይህ ክፍል አይከብደውም። የኦቶማን ማውዘር ላይ “1311” ቢነበብ የኦቶማን የፋይናንስ አቆጣጠር ነው፤ 584 ሲደመርበት 1895 ይሆናል። ኋላ “አንካራ 1940” ተብሎ የተመታበት ካገኛችሁ ብዙ ጊዜ የእድሳቱ ዓመት ነው፤ አሮጌው ማኅተም ከሥሩ ተፍቋል። የፋርስ ማውዘር “1317” ደግሞ የፀሐይ ሒጅራ ነው፤ 621 ሲደመር 1938። በጣልያኑ ካርካኖ ላይ ከተለመደው ዓመት ጎን የሮማ ቁጥር ይመጣል፤ ፋሽስቶች ከጥቅምት 1922 የጀመሩት አቆጣጠር ነው፣ “17” የሚለው በጥቅምት 1939 ያበቃል። ጃፓኖች ጋ ቁጥሩ የሞዴሉ ስም ነው፤ ዓይነት 38 በንጉሠ ነገሥቱ ሜይጂ 38ኛ ዓመት፣ 1905፤ ዓይነት 99 ከጃፓን መንግሥት ምሥረታ ከሚቆጠረው 2599ኛ ዓመት፣ 1939። በየትኛው ዓመት እንደተሠራ ግን አይናገሩም።

ጥይቱ

በቅርጹ ተመርታችሁ ጥይቱን አትገምቱ። የሞሲን ጥይት 7.62 በ54 ሚሊ ሜትር ሲሆን ቀለሁ ቂጡ ላይ ወጣ ያለ ጠርዝ አለው። ከ7.62 በ39 እና ከ7.62 በ51 ጋር ስሙ ቢቀራረብም ፈጽሞ አይተካካም። ፖላንድ ግን የተወሰኑ ሞሲኖችን አሳጥራ በጀርመኑ 7.92 በ57 እንዲተኩሱ አድርጋለች። የ1960ዎቹ የሕንድ ኢሻፖር ሊ-ኤንፊልድ ደግሞ በውጭ መልኩ .303 የተባለውን ጥይት የሚተኩሰውን አሮጌውን ይመስላል፤ የሚበላው 7.62 በ51 ነው። ጎጆውን በሰም ወይም ለዚህ በተሠራ ቅይጥ ቀርጾ በካሊፐር መለካት ብቻ ነው የሚያስተማምነው። መዝጊያው ከሌላ ጠመንጃ የመጣ ከሆነ ደግሞ በመዝጊያውና በጥይቱ ቂጥ መካከል ያለው ክፍተት በመለኪያ ሳይፈተሽ መተኮስ የለበትም፤ ክፍተቱ ከበዛ ቀለሁ ይቀደድና ጋዙ ወደ ተኳሹ ፊት ይመለሳል።

መዝገቡ

አንድ 91/30 ተፈትቶ ጠረጴዛ ላይ አለ እንበል። ያየነውን የምንመዘግብበት ካርድ አጻጻፍ እንዲህ ነው። አፈሙዝ፦ ኢዥቭስክ፣ 1934፣ ጫፉ 2 ሳንቲ ሜትር የተቦረቦረ። ቤት፦ ባለ ጠፍጣፋ ገጽ፣ ጅራቱ 1926። መዝጊያ፦ ቁጥሩ ከአፈሙዙ ጋር አንድ፣ አሮጌ ቁጥር ተሰርዞበታል። ካዝና ክዳን፦ ቁጥሩ የተጫረ፣ ጥቁር ቀለም። እንጨት፦ ቀይ ሼላክ፣ የማንገቻ ቀዳዳዎቹ የጦርነት ዘመን ቀለል ያለ ልባስ ያላቸው። ማነጣጠሪያ፦ በሜትር፣ እስከ 20። ማኅተም፦ ሰያፍ መስመር ያለፈባት ሳጥን። ልባስ፦ ከጅራቱ ሥር አንድ የካርቶን ቁራጭ፣ ተመልሷል።

በየመስመሩ ጎን ፎቶው ይያያዝ፣ ባትሪው ከየት በኩል እንደበራም ይጻፍ። ካርዱን ግን በእስክሪብቶ ሳይሆን በእርሳስ ጻፉት፤ ነገ የቀረው ግሪስ ሲለቅ ሌላ ቁጥር ብቅ ይል ይሆናል።